ሳያይ መራመድ የማይችለው ሰው፦ ማወቅ፣ መቆጣጠርና ሆን ብሎ ማድረግ በኢያን ዋተርማን ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1971 ኢያን ዋተርማን የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ በጀርሲ ደሴት በሥጋ ቆራጭነት ይሠራ ነበር። ጉንፋን የመሰለ ሕመም ያዘውና በጥቂት ቀናት ውስጥ አልጋ ላይ ጣለው። ሐኪም ቤት ሲገባ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ ሲነካ አይሰማውም፤ እጁና እግሩም የት እንዳሉ አያውቅም ነበር። ሰውነቱ ሕመሙን ለመከላከል ሲነሣ የራሱን ወፍራም የስሜት ነርቮች እንዳጠፋ ይታመናል። ንክኪንና የእጅና የእግርን አቀማመጥ ለአንጎል የሚያደርሱት እነዚህ ነርቮች ናቸው። አንዴ ከጠፉ አልተመለሱም።

ያልጠፋውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚያ ነውና። ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርዱት ነርቮች ደኅና ነበሩ፤ ስለዚህ ሽባ አልሆነም። ሕመምን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮችም ተርፈዋል፤ ድካምም ይሰማዋል። ዐይኑን ጨፍኖ ክንዱን ቢያነሣ ክንዱ ይነሣል። ነገር ግን የት እንደደረሰ፣ ከነጭራሹ መነሣቱንም ቢሆን፣ የሚነግረው ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመንቀሳቀስ በሞከረ ቁጥር እጅና እግሩ ወዳላሰበው አቅጣጫ ይወናጨፍ ነበር።

ሐኪሞቹ ቀሪ ዕድሜውን በተሽከርካሪ ወንበር እንደሚያሳልፍ ገመቱ። እሱ ግን አንድ መንገድ አገኘ፦ ሊያንቀሳቅሰው የፈለገውን አካል እያየ፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሐሳቡ ቀድሞ እየሠራ ማዘዝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ ቀና ብሎ ሲቀመጥ ከደስታው ብዛት ስለ መቀመጡ ማሰቡን አቆመ፤ ወዲያው ከአልጋው ሊወድቅ ነበር። በተሐድሶ ሆስፒታል 17 ወራት ያህል ቆየ። ቆሞ ወጣ፤ ሥራ ያዘ፤ መኪናም ነዳ። ታሪኩን ለዓለም ያሳወቀው የነርቭ ሐኪምና ተመራማሪ ጆናታን ኮል ሲሆን፣ በ1991 ስለ እሱ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል።

ዋተርማን ሲራመድ ያየ ሰው ትንሽ የከበደ አረማመድ ያለው ሰው ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እየቆመም ሆነ እየተራመደ ትኩረቱን አያነሣም። ማስነጠስ እንኳ ሊጥለው ይችላል፤ ማስነጠስ ለአፍታ ሐሳብን ይነጥቃልና። መብራት ድንገት ከጠፋ ይወድቃል፤ ብርሃን እስኪመለስም መነሣት አይችልም። እንቁላል በእጁ ይዞ ትኩረቱ ወደ ሌላ ነገር ከተሳበ እንቁላሉ ይሰበራል።

ፈላስፎች ይህን ጉዳይ ደጋግመው ያነሡታል። እኔ የማነሣው አንድ ነገር ለመከራከር ነው፦ አንድ ሰው ሆን ብሎ ሲሠራ የሚሠራውን የሚያውቅበት ዕውቀት ከምልከታ የሚቀዳ አይደለም፤ ነገር ግን ያለ ቁጥጥር ዕውቀት ሆኖ አይቆምም። በጤነኛ ሰው ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚኖሩ ይህን ማየት ያዳግታል። በዋተርማን ላይ ስፌቱ ተፈትቷል።

የዐይኑ ሥራ

ፈላስፋዋ ኤልዛቤት አንስኮም በ1957 ስለ ሆን ተብሎ የሚደረግ ድርጊት ባሳተመችው አጭር መጽሐፍ ሁለት ነገር አስተምራለች። አንደኛ፣ ሆን ብሎ የሚሠራ ሰው "ምን እያደረግህ ነው?" ቢባል መልሱን ለማግኘት ራሱን መመልከት አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ያለ ምልከታ ለሚታወቁ ነገሮች ምሳሌ ስትሰጥ የእጅና የእግርን አቀማመጥ ጠቅሳለች፤ ጉልበቴ መታጠፉን የማውቀው አይቼ ወይም ከሌላ ምልክት ገምቼ አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው በቀላሉ ወደ አንድ ድምዳሜ ይንሸራተታል፦ የምሠራውን ሳላይ የማውቀው አካሌ ከውስጥ ስለሚነግረኝ ነው።

ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ዋተርማን የሚሠራውን የሚያውቅበት መንገድ ከነርቮቹ ጋር በጠፋ ነበር። የቀረው ራሱን እንደ ሌላ ሰው እያየ ማወቅ ብቻ በሆነ ነበር። "አንስኮም በዚህ ሰው ተረታች" የሚሉ አሉ፤ የራሱን ድርጊት የሚያውቀው በዐይኑ ነውና።

ይህ ንባብ ትክክል አይመስለኝም። ጽዋ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ አስቡት። አጠገቡ የተቀመጠ ሰውም እጁ ወደ ጽዋው ሲሄድ ያያል፤ ሁለቱ የሚያዩት አንድ ነገር ነው። አሁን እጁ ትንሽ ወደ ግራ ቢስት ምን ይሆናል? ተመልካቹ ግምቱን ያርማል፦ "ለካስ ሳህኑን ሊያነሣ ነው"። ዋተርማን ግን እጁን ያርማል። ሐሳቡ ባለበት ይቆማል፤ የሚስተካከለው እንቅስቃሴው ነው። አንስኮም ራሷ ይህን ልዩነት ያሳየችው የሚገዛውን ዘርዝሮ ገበያ በወጣ ሰውና እሱን እየተከተለ የገዛውን በሚመዘግብ ሰላይ ነው። ዝርዝሩና ግዢው ካልተገናኙ ሰላዩ መዝገቡን ይሰርዛል፤ ገዢው ግን ስሕተቱን በግዢው ላይ ያገኘዋል።

በዚያ ላይ ዋተርማን የት ማየት እንዳለበት የሚያውቀው ምን እየሠራ እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ቀና ብሎ ለመቀመጥ ከሆዱ ጡንቻዎች መጀመር እንዳለበት የነገረው ዐይኑ አይደለም፤ ዐይኑን ወደዚያ የላከው ሊሠራ ያሰበው ነው። ዕይታው "ምን እየሆነ ነው?" ብሎ አይጠይቅም፤ "እንደሚገባው እየሄደ ነው?" ብሎ ነው የሚጠይቀው።

አንስኮም ዐይኑን ጨፍኖ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለሚጽፍ ሰው ባነሣችው ምሳሌ ላይ፣ ሰውየው የሚጽፈውን ያለ ዐይኑም ያውቃል፤ ዐይኑ የሚረዳው ጽሑፉ በሚነበብ መልኩ እንዲወጣ ነው የሚል ሐሳብ አላት። ዋተርማን ለእንቅስቃሴው ሁሉ በዐይኑ የሚመካ ሰው ነው። የዐይኑ ሥራ ግን በዓይነቱ አልተለወጠም፤ አሁንም የአፈጻጸም አገልጋይ ነው። የተለወጠው መጠኑ ነው፤ ለእኛ በጥቂቱ የሚያግዘን ዕይታ ለእሱ ሁሉንም ይሸከማል።

መብራቱ ሲጠፋ

እስካሁን ያልኩት ለአንስኮም የሚያግዝ ነው። እዚህ ብቆም ግን ከጉዳዩ ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሐኪሞች የመዘገቡትና ዊልያም ጄምስ በ1890 በሥነ ልቦና መጽሐፉ ያወሳው አንድ ሕመምተኛ አለ። ክንዱ ስሜት አልባ ነው። ዐይኑን እንዲጨፍን ይደረግና እጁን እንዲያንቀሳቅስ ይነገረዋል፤ ሳያውቅ ግን እጁን ይይዙበታል። ዐይኑን ሲገልጥ እንቅስቃሴው አለመፈጸሙን አይቶ ይገረማል። ያሰበውን አድርጓል ብሎ ከልቡ አምኖ ነበር።

ይህ ሕመምተኛ ምን ጎደለው? ፈቃድ አለው። ወስኗል፤ ሞክሯል። ማመንታት የሌለበት እምነትም አለው፤ እምነቱን ያገኘውም ሳይመለከት ነው። ዕውቀት ግን የለውም። እጁ ነጻ ሆኖ በአጋጣሚ በትክክል ተንቀሳቅሶ ቢሆን ኖሮስ? ያኔም እምነቱ ከዕድለኛ ግምት ብዙ ይሻላል ብዬ አላስብም። የጎደለው በእንቅስቃሴው ላይ ያለው ቁጥጥር ነው፤ እጁ ቢስት የሚያስተውልበትና የሚመልስበት አንዳች መንገድ አልነበረውም።

ዋተርማን በኮሪደር ሲሄድ መብራት ቢጠፋበት በዚያች ቅጽበት እንደዚያ ሕመምተኛ ይሆናል። ከአንድ ሰከንድ በፊት "ወደ በሩ እየሄድኩ ነው" ማለቱ ዕውቀት ነበር። አሁን ፈቃዱ አልተለወጠም፤ የተነጠቀው መያዣው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም አብሮ ዋጋውን ያጣል።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል። ምልከታ ቁጥጥርን ይመግባል፤ ቁጥጥር ደግሞ ዕውቀቱን ያቆመዋል። ሆኖም የዕውቀቱ ይዘት፣ ማለትም "ጽዋውን እያነሣሁ ነው" የሚለው፣ ከምልከታው አልተቀዳም፤ ከፈቃዱ የመጣ ነው። አንድ ነገር የሌላው መሠረት ሆኖ ሳለ ምንጩ ላይሆን ይችላል። በክርክሩ ሁለት ወገን ያሉት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ መሠረቱን አይቶ "ምንጩም ይኸው ነው" ይላል፤ ሌላው ምንጩ ሌላ መሆኑን አይቶ "መሠረት አያስፈልግም" ይላል። በእኛ ላይ ነርቮቻችን ይህን መሠረት ያለ አንዳች ድምፅ ስለሚሸከሙት ዕውቀታችን በራሱ የቆመ ይመስለናል።

ሳያውቁ ሆን ብሎ ማድረግ

ፈላስፋው ዶናልድ ዴቪድሰን በ1970ዎቹ ለአንስኮም ትምህርት ከባድ ፈተና አቅርቧል። አንድ ሰው በካርቦን ወረቀት አሥር ቅጂ በአንድ ጊዜ ለማውጣት እስክሪብቶውን አጥብቆ እየተጫነ ይጽፋል። አሥረኛው ላይ ጽሑፉ መድረሱን አያውቅም፤ እንዲያውም ይጠራጠራል። ከደረሰ ግን አሥር ቅጂ ያወጣው ሆን ብሎ ነው። እንግዲህ ሳያውቁ ሆን ብሎ መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

ምሳሌው ትክክል ነው፤ አልክደውም። ግን ዕውቀቱ የት ላይ እንደተቋረጠ ማየት ይጠቅማል። የሚጽፈውን ቃል ያውቃል፤ እየገለበጠ መሆኑንም ያውቃል። የማያውቀው ስለ አሥረኛው ወረቀት ነው። ሊቆጣጠረው የማይችለውም በትክክል እሱኑ ነው፤ ከመጫን ሌላ የሚያስተካክልበት መንገድ የለውም፤ ከሥር ያሉትን ወረቀቶችም አያያቸውም። ዕውቀቱ የሚያልቀው ቁጥጥሩ በሚያልቅበት ቦታ ነው።

በምናብ ምሳሌ ላይ ይህ ተራ መገጣጠም ሊመስል ይችላል። የዋተርማን የሆስፒታል ወራት ግን ያንኑ ነገር በጊዜ ውስጥ ተዘርግቶ ያሳያሉ። መጀመሪያ ቀና ብሎ ለመቀመጥ ሲታገል እንደሚሳካለት አያውቅም ነበር። ሲሳካለት ግን መቀመጡ አደጋ ወይም ዕድል አልነበረም፤ ሆን ብሎ ነው የተቀመጠው። ከወራት በኋላ ያንኑ ሲያደርግ በሙሉ ልብ "እየተቀመጥኩ ነው" ይላል፤ ይህም ዕውቀት ነው። በመካከል ምን ተጨመረ? ስለ ራሱ አካል አዲስ ዘገባ አላገኘም፤ ነርቮቹ እንደሞቱ ናቸው። ፈቃዱም ያው ነው። የተጨመረው ችሎታ ነው፤ እንቅስቃሴው ሲስት የመመለስ ብቃት። ችሎታው ሲጠነክር ተስፋ የነበረው ዕውቀት ሆነ።

የዚያች የደስታ ቅጽበት ነገርስ? ሊወድቅ ሲል ምን እንዳደረገ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ደስ ያለውም ስላወቀ ነው። ተቀምጦ መቆየትም ይፈልጋል። ማወቁም መፈለጉም አልያዙትም። ዕውቀት ብቻውን እጅና እግርን አያዝም፤ ትኩረቱ ወደ ደስታው ሲሄድ የሚያዘው ጠፋ። ፈላስፋው ሃሪ ፍራንክፈርት በ1978 ድርጊትን ከተራ ክስተት የሚለየው መሪነት እንደሆነ ሲጽፍ፣ ቁልቁል በራሷ የምትወርድን መኪና ምሳሌ አድርጓል። ሾፌሩ በፍጥነቷና በአቅጣጫዋ ከረካ ምንም ላይነካ ይችላል፤ ጣልቃ ለመግባት ዝግጁ እስከሆነ ድረስ ግን መኪናዋ በእሱ እጅ ናት። የእኛ አካል አብዛኛውን ቀን እንዲህ ነው የሚኖረው። ዋተርማን ግን ይህ ዕረፍት የለውም። ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ አይበቃውም፤ በእያንዳንዱ ቅጽበት መምራት አለበት።

እንቁላሉ

አርስቶትል አንድን ድርጊት ከፈቃድ ውጪ የሚያደርጉትን ሁለት ነገሮች ጠቅሷል፦ ከውጭ የሚመጣ ኃይልና አለማወቅ። ዋተርማን እንቁላል ይዞ ሳለ አንድ ሰው ስሙን ጠርቶት እንቁላሉ ቢሰበር የትኛው ይሠራል? እጁን የጨመቀ ሌላ ኃይል የለም፤ የራሱ ጡንቻ ነው። አለማወቅ ነው እንዳይባልም፣ ትኩረቱ ከሄደ እንቁላሉ እንደሚሰበር ከማንም በላይ ያውቃል። በዚያች ቅጽበት ግን እጁ እየጨመቀ መሆኑን አላወቀም።

እኔ የምለው፣ መያዙ የእሱ ድርጊት ነው፤ መስበሩ አይደለም። ይህን የምለው ስላላሰበው ብቻ አይደለም፤ መጭመቁን የሚያቆምበት መንገድ በዚያች ቅጽበት ከእጁ ስለወጣ ነው። ሌላ ሰው ስሙ ሲጠራ እንቁላል ቢሰብር "ምነው ብትጠነቀቅ" እንለው ይሆናል። ያው ቃል ለዋተርማን ቢነገር ግፍ ይሆናል። የሚወቀሰው ሰው መለኪያ ብዙዎች ያላቸው ቁጥጥር ሳይሆን እሱ ራሱ በወቅቱ የነበረው ቁጥጥር ነው። አርስቶትል ግን ሰካራምን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ አለማወቁን በራሱ ላይ ያመጣው ራሱ ነውና። በዚህ መንገድ ብንሄድ ዋተርማን በጫጫታ መካከል የማይተካ የሌላ ሰው ዕቃ ለመያዝ ቢመርጥ ለዚያ ምርጫ ሊጠየቅ ይችላል። ያኔም ጥያቄው የሚዞረው ቁጥጥር ወደነበረው ቅጽበት ነው፦ ከመያዙ በፊት።

የሚናገሩ እጆች

በ1990ዎቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመራማሪው በዴቪድ ማክኒል ቤተ ሙከራ ከዋተርማን ጋር የተሠራው ሥራ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ያየውን የካርቱን ፊልም እንዲተርክ ተጠየቀ፤ እጆቹ ግን ከዕይታው ተሸፈኑ። በዚህ ሁኔታ እንደ ክዳን መክፈት ያለ የዕቃ ሥራ በትክክል መሥራት አይችልም። ሲተርክ ግን እጆቹ ከንግግሩ ጋር ይወዛወዙ ነበር፤ ከቃላቱ ጋርም ጊዜያቸውን ጠብቀው ይሄዱ ነበር። የቦታ ትክክለኛነታቸው ቀንሷል፤ ከንግግሩ ጋር ያላቸው ስምምነት ግን አልፈረሰም።

እጆቹን አያይም፤ አይሰሙትምም። ታዲያ ማን ይመራቸዋል? እንቅስቃሴዎቹ ትርጉም ያላቸው ስለሆኑ ተራ መንቀጥቀጥ ናቸው ማለት አንችልም። ሆን ብሎ የሚሠራው መተረክን ነው፤ እጆቹም የሚታዘዙት ለትረካው ነው። ይህ ቁጥጥር ማለት እያንዳንዱን ጡንቻ መከታተል ነው የሚለውን አስተሳሰብ ይጎዳዋል፤ የዋተርማንን አረማመድ ብቻ ያየ ሰው በቀላሉ ወደዚያ አስተሳሰብ ይሄዳል። አንድ ሥራ የሚጠይቀው ቁጥጥር ሥራው ሊስት በሚችልበት በኩል ነው። ክዳን የያዘ እጅ በቦታ ይስታል፤ ስለዚህ ቦታን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል። ከቃል ጋር የሚሄድ እጅ የሚስተው ቃሉን ሲቀድም ወይም ሲዘገይ፣ ከሐሳቡም ሲርቅ ነው፤ በዚህ በኩል ደግሞ ንግግሩ ራሱ መሪ ሆኖታል። ሲተርክ "እየተረክሁ ነው" ብሎ ያውቃል፤ ይህ ዕውቀት መሠረት አለው፤ የእጆቹን ዝርዝር ግን አይጨምርም። ማናችንም ስናወራ የእጃችንን ዝርዝር አናውቅም።

የሮቦቱ ክንድ

በ2000 ኮል፣ የነርቭ ሐኪሙና ደራሲው ኦሊቨር ሳክስ እና ዋተርማን አብረው ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ አለ። በሂዩስተን በጆንሰን የጠፈር ማዕከል የሮቦት ክንዶችን ሞክረዋል፤ የሚያዩት በሮቦቱ ካሜራዎች በኩል ነው፤ ክንዶቹ የእነሱን እጅ እየተከተሉ ይንቀሳቀሳሉ። ከሮቦቱ የሚመጣ የንክኪም ሆነ የአቀማመጥ ስሜት የለም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ክንዶቹ የራሳቸው መስለው ተሰሟቸው፤ አንደኛው ሮቦቱ የያዘውን መፍቻ እግሬ ላይ እንዳልጥለው ብሎ እስኪሰጋ ድረስ።

በሮቦቱ ክንድ ረገድ ጤነኞቹም በዋተርማን ቦታ ነበሩ፤ ክንዱን የያዙት በዐይን ብቻ ነው። "መፍቻውን እያነሣሁ ነው" ለማለት ግን ማንም ካሜራውን እንደ ምስክር አልጠራም። ካሜራው ቢጠፋ ንግግራቸው ባዶ ይሆን ነበር፤ እስካለ ድረስ ግን ሁሉም በክንዱ ይሠሩ ነበር እንጂ ክንዱን እያዩ ምን እንደሚያደርግ አይገምቱም ነበር።